«ከፈረስ ወድቆ» የሚለው የባለቤቴ የሞት ምክንያት እንዲሰረዝ

ቀን፦ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሆራ ሳዴ ወረዳ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሆራ ሳዴ

ጉዳዩ፦ ባለቤቴ የሞተው በጥይት ተመትቶ ሆኖ ሳለ በመዝገብ ላይ «ከፈረስ ወድቆ» ተብሎ የሰፈረው እንዲታረምልኝ ስለማመልከት

ክቡር ኃላፊ፣

በቅድሚያ ለጽሕፈት ቤቱ ያለኝን አክብሮት እገልጻለሁ። አክብሮቴ የአፍ አይደለም። አምስት ጊዜ መጥቼ አምስቱንም ጊዜ በርዎ ላይ «ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አግኝቻለሁ፤ አንድም ቀን ወረቀቱን አልቀደድኩም። ለስድስተኛ ጊዜ ከመምጣት መጻፍ ይሻላል ብዬ ይህን አቤቱታ አቅርቤያለሁ።

1. አመልካች ሃጂራ ቱሉ እባላለሁ፤ ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ሟች ባለቤቴ ዓብዱልፈታሕ ባዳሳ ገበሬ ነበር። መንግሥት የማያውቀው ሁለተኛ ሥራው ደግሞ አምቡላንስነት ነው። በክረምት መኪና ከሆራ ሳዴ በታች እንደማይወርድ ክቡርነትዎ ያውቃሉ፤ የወረዳው መኪና ጭቃው ውስጥ ሦስት ቀን ያደረ ጊዜ አብረው ነበሩና። ምጥ የያዛትን፣ ግንድ የወደቀበትን፣ ቀፎ ሊያወርድ ወጥቶ ራሱ የወረደውን ከሃረና ጫካ ዳር በፈረሱ በዳማ ጭኖ አምቡላንሱ የሚቆምበት መንገድ ድረስ የሚያደርሰው ባለቤቴ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሠርቶበታል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከዳማ ጀርባ የወደቀ በሽተኛ የለም። ይህን የምጽፈው ሟችን ለማሞገስ ሳይሆን ከጉዳዩ ጋር ስለሚያያዝ ነው።

2. በጽሕፈት ቤቱ የሞት መዝገብ ላይ «የሞት ምክንያት» በሚለው ሣጥን ውስጥ «ከፈረስ ወድቆ» ተብሎ ተጽፏል። ክቡር ኃላፊ፣ በባሌ አገር ሰው ላይ ብዙ ነገር ቢጻፍ ይችለዋል። ቀማኛ ቢሉት ይከራከራል፣ ሰነፍ ቢሉት ይስቃል። ከፈረስ ወደቀ ብሎ በማኅተም ማጽደቅ ግን ሰውየውን ከነአባቱ ከነአያቱ መቅበር ነው። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ወረቀቱን ካነበበ ጀምሮ ጎሮ ገበያ አይወጣም።

ባለቤቴ አልወደቀም አልልም። መጀመሪያ ጥይት መታው፤ ከዚያ ወደቀ። መዝገቡ ሁለተኛውን ጽፎ መጀመሪያውን ዘለለው። በዚህ አጻጻፍ ከቀጠልን ነገ የተሰቀለ ሰው «አንገቱን አሞት» ተብሎ ይመዘገባል፤ ውኃ የወሰደውም «ልብሱ ረጥቦ» ይባላል።

3. ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ ላስረዳ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ጎባ ከተማ በአንድ ሆቴል ለሦስት ቀን «የትጥቅ ግጭት ሕግ ለማኅበረሰብ ተወካዮች» የሚል ሥልጠና ተሰጥቶ ነበር። ባለቤቴ ስለ ፈረሱ፣ እኔ ስለ ባለቤቴ ተጠራን። ጦርነት ሕግ እንዳለው የሰማሁት እዚያ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ጦርነት ሕግ ሲያልቅ የሚጀመር ይመስለኝ ነበር።

አሠልጣኛችን አቶ ፍስሐ የሚባሉ ከአዲስ አበባ የመጡ ጨዋ ሰው ናቸው። «ቁስለኛ ጠላት አይደለም» አሉን። «ቁስለኛ የሚያነሣም አይተኮስበትም። የተኮሰ የጦር ወንጀለኛ ነው። ዓለም በጄኔቫ የተስማማበት ነው። ሄግ በሚባል ከተማ ደግሞ እንዲህ ያለውን የሚዳኝ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት አለ።» ባለቤቴ እጁን አወጣ።

«ከሮቤ ሄግ በስንት ቀን ይደረሳል?»

አቶ ፍስሐ ሣቁና አገራችን ያንን ፍርድ ቤት ያቋቋመውን ስምምነት እንዳልፈረመች አስረዱን። «ስለዚህ መንገዱን አያስቡ፤ የእኛው የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 270 ጀምሮ የጦር ወንጀልን በከባዱ ይቀጣል» አሉ። ባለቤቴ አሁንም እጁን አላወረደም።

«በእኛ በኩል ስንት ሰው ተቀጣበት?»

ሰዓታቸውን አይተው የሻይ ዕረፍት መድረሱን ነገሩን። ሻዩ ጥሩ ነበር፤ ብስኩትም ነበረው። ይህን ለመካድ አልፈልግም።

4. በሥልጠናው በሁለተኛው ቀን ቁስለኛ የሚያመላልስ ሁሉ ከሩቅ የሚታይ ምልክት ማድረግ እንዳለበት ተነገረን፤ ቀይ መስቀል ወይም ቀይ ጨረቃ፣ በነጭ ላይ። ሁለቱም በሕግ ፊት እኩል ናቸው ተባለ። ከዚህ በኋላ ያለው ጥፋት የእኔ ስለሆነ በራሴ ቃል እጽፈዋለሁ።

ቤት ስንገባ ለዳማ አዲስ ግላስ ሰፋሁለት፤ ኮርቻው ላይ ሆኖ በግራና በቀኝ እስከ ሆዱ የሚወርድ፣ ነጭ አቡጀዲ። ቀዩን ከአንዲት ሙሽራ ቀሚስ የተረፈኝን ሳቲን ተጠቀምኩ። እኛ ሙስሊሞች ነን፤ ጨረቃ ልሰፋ ነበር። ባለቤቴ ግን «የምጭነው ሙስሊም ብቻ ነው እንዴ? ፈረሱስ ሁለት ጎን አለው አይደል?» አለኝ። ልክ ነው፤ ፈረስ ሁለት ጎን አለው። በቀኙ ጨረቃ፣ በግራው መስቀል ሰፋሁ። ሁለቱ እኩል ናቸው ከተባለ ሁለቱ ቢደረቡ እጥፍ ይከላከላሉ ብለን አሰብን። ልብስ ሰፊ ነኝና ገበር ሲደረብ ብርድ እንደማያስገባ አውቃለሁ፤ ሕግም እንዲሁ መሰለኝ።

ጎረቤታችን ወይዘሮ ሽቶ የማርያም ጽዋ ማኅበርተኛ ናቸው። በመጀመሪያ የተጫኑት እሳቸው ነበሩ፤ ምጥ ይዟቸው። ያ ሁሉ ጭንቅ እያለባቸው ዳማን ዞረው አዩትና «ዓብዱልፈታሕ፣ እኔ በየትኛው በኩል ልውጣ?» አሉት። «በመጡበት ይውጡ እትዬ፤ ፈረሱ አይመርጥም» አላቸው። ልጁ በሰላም ተወለደ። ሠፈሩ ሁሉ ለሦስት ወር በዚያ ፈረስ ሲስቅ፣ ሲኮራም ነበር።

5. ሐምሌ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጠዋት ጀምሮ በሆራ ሳዴ ግራና ቀኝ ካሉት ሁለት ጋራዎች ተኩስ ነበር። ማን ከየትኛው ጋራ እንደሆነ በዚህ ማመልከቻ አልገልጽም፤ ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ፣ ሁለቱም ያውቁኛል፣ ልጆች አሉኝ። ለሜሳ ደራራ የተባለ ገበሬ ማሳው ላይ እያለ ጭኑን ተመታ። ባለቤቴ ሄደ። አትሂድ አልኩት፤ «ግላሱን ማን ሰፋው?» ብሎኝ ሄደ።

ለሜሳን ከፊት አስቀምጦ፣ እሱ ከኋላ ሆኖ በሁለት እጁ ደግፎት፣ ሜዳውን በእርምጃ ነበር የሚያቋርጠው። ቁስለኛ ስለያዘ አልጋለበም። ጥይቱ ከጀርባው ገባ። ለሜሳ እንደነገረኝ ባለቤቴ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ጋማውን ያዝ» አለው። ከዚያ እጁ ላላ። ዳማ ልጓም የሚይዘው ሰው ሳይኖር፣ የለመደውን መንገድ ይዞ ለሜሳን አምቡላንሱ ጋ አደረሰው። ለሜሳ ጎባ ታክሞ ድኗል። ያንን ቀን በሥርዓቱ ሥራውን የፈጸመ አንድ አካል ቢኖር ፈረሱ ነው።

ለሜሳን ምስክር አድርጌ ሳቀርብ ከእርስዎ ጽሕፈት ቤት የተሰጠኝ መልስ «ምስክሩ በወቅቱ ለሟች ጀርባውን ሰጥቶ ስለነበር አላየም» የሚል ነው። እውነት ነው፣ አላየም። ጥይቱ ሟችን ባያገኝ ኖሮ በራሱ ጀርባ ያየው ነበር።

6. የሐኪም ማስረጃ ተጠይቄያለሁ። በሃይማኖታችን ሰው በሞተበት ቀን ይቀበራል፤ በዚያ ቀን ደግሞ ሐኪሙም መንገዱም አልነበሩም። ከወንድሙ ጋር ያጠብኩት እኔ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጨርቅ ስበሳ ኖሬያለሁ፤ መርፌ የገባበትና የወጣበት ጎን እንደማይመሳሰል አውቃለሁ። በግራ ትከሻው አጥንት ሥር የገባበት ጠባብ ነው፤ በአውራ ጣቴ ጥፍር ከደንኩት። አጥንት መልሶት በቀኝ ጎኑ በኩል የወጣበትን በመዳፌ ልከድነው አልቻልኩም። ነጠላዬን አጥፌ ወተፍኩት። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ከፈረስ ወድቆ እንዲህ የሆነ ሰው ካለ ጽሕፈት ቤቱ ያሳየኝ።

ግላሱንም ይዤ ቀርቤ ነበር። በኋላው ጠርዝ በኩል ደሙ አለ። የጽሕፈት ቤቱ ማመልከቻ ተቀባይ ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩትና «ማኅተም የለውም» ብለው መለሱልኝ።

7. ከቀብሩ በኋላ ከሁለቱም ጋራዎች ለቅሶ የሚደርሱ ሰዎች ተልከውልኛል። ሁለቱም አዘኑ። ሁለቱም «እኛ አይደለንም፣ እነሱ ናቸው» አሉ። ሁለቱም የጦርነት ሕግን እንደሚያከብሩ፣ እንዲያውም ሥልጠና እንደወሰዱ ነገሩኝ። በዚህ መሠረት ባለቤቴን የገደለው ሰው ሕግ አክባሪ ነው ማለት ነው፤ ምናልባትም ብስኩቱን አብረን በልተናል።

ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ደግሞ በጽሑፍ ሁለት ነገር አስታውቆኛል። አንደኛ፣ በአካባቢው የነበረው «መጠነኛ የጸጥታ መደፍረስ» እንጂ የትጥቅ ግጭት ስላልሆነ፣ ግጭት በሌለበት የጦር ወንጀል ሊኖር አይችልም። ሁለተኛ፣ ሟች በአንድ እንስሳ ላይ ሁለት ዓለም አቀፍ ምልክቶችን ያለፈቃድ በማድረጉ ምልክቱን አላግባብ ተጠቅሟል። እንግዲህ ጦርነት የለም፤ ገዳይ የለም፤ ጥይት የለም፤ ጥፋተኛ ግን አለ፣ እሱም ሟች ነው። በሌለ ጦርነት የጦርነት ሕግ የጣሰ ብቸኛ ሰው ከሆራ ሳዴ ወጣ።

ለአቶ ፍስሐ ስልክ ደወልኩ። በጣም አዘኑ። ቆይተው ግን «ወይዘሮ ሃጂራ፣ አንዱን ብቻ መሆን ነበረበት እኮ። ደግሞም በሚመለከተው አካል ፈቃድ ነው። በሥልጠናው ወረቀት ገጽ አሥራ አራት ላይ አለ» አሉኝ። ወረቀቱን አወጣሁ። አለ። ገጽ አሥራ አራትን ሳናነብ ነው መቀሱን ያነሣሁት። ይህን ቀን በቀን አስበዋለሁ፤ ለጽሕፈት ቤቱ ግን የሚጠቅም ስላልሆነ አልፈዋለሁ። ሜዳውን በመነጽር ያየ ተኳሽ ጨረቃና መስቀል በአንድ ፈረስ ላይ ቢያይ ግራ ይጋባል እንበል። ግራ የተጋባ ሰው ይተኩሳል ተብሎ የተጻፈበት ገጽ ግን ፈልጌ አጣሁ።

8. ከዓለም አቀፍ አጣሪዎች የተላከ ሰው አንድ ቀን ሮቤ ድረስ መጥቶ አነጋግሮኛል። አርባ ሁለት ጥያቄ ጠየቀኝ፤ የመጨረሻው «እንቅልፍ ይወስድዎታል?» የሚል ነበር። ቁጥር ሰጠኝ። ወረቀት ይጠይቃሉ ብሎኝ ነበርና ሲጠይቁኝ የእናንተን የሞት ምስክር ወረቀት አስተርጉሜ ላክሁ። ከአራት ወር በኋላ የመጣው መልስ አጭር ነው፤ «የላኩልን ሰነድ የፈረስ ግልቢያ አደጋን የሚመለከት በመሆኑ ከሥልጣናችን ውጭ ነው፤ የሥራ ዘመናችንም ተጠናቋል፤ ለደረሰብዎ ኀዘን ይቅርታ እንጠይቃለን።» የዓለም ሕግ ከጄኔቫ ተነሥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ የሰነቴን ተራራ ወጥቶ ወርዶ መጥቶ በእናንተ ሁለት ቃል ተሰናክሎ ወደቀ።

ወደ አገር ሽማግሌዎች ሄድኩ። በእኛ አገር ደም ሲፈስ ጉማ አለ፤ ገዳይ ያምናል፣ ጎሳው ተሰብስቦ ይቀርባል፣ የሟች ወገን ይካሳል፣ ደም ይደርቃል። ሄግ ሃያ ዓመት የሚፈጅበትን አባቶቻችን ዛፍ ሥር ይጨርሱታል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ኦቦ ኢዶሳ የሞት ምስክር ወረቀቱን በልጃቸው አስነብበው አጥፈው መለሱልኝ። «ልጄ» አሉኝ፣ «ጉማ ገዳይ ይፈልጋል። እዚህ ወረቀት ላይ ያለው ገዳይ ፈረሱ ነው። ፈረስ ደግሞ ጎሳ የለውም።» ቀልደው አይደለም። ኦቦ ኢዶሳ በሰው ደም አይቀልዱም። እዚያው ተቀምጠው ነበር እንባቸውን የጠረጉት።

ስለዚህ ክቡር ኃላፊ፣ ትልቁም ሕግ ትንሹም ሕግ፣ የባሕር ማዶውም የዛፍ ሥሩም ቆመው የሚጠብቁት የእርስዎን አንድ ሣጥን ነው። ማን እንደተኮሰ ጻፉልኝ አላልኩም። ከየትኛው ጋራ እንደመጣ ጻፉልኝ አላልኩም። «በጥይት» በሉ። አንድ ቃል ነው፤ ከነበሩት ሁለቱ ያጥራል፣ ቀለምም ይቆጥባል።

9. አሁን ደግሞ እስካሁን ያልገለጽኩትን እገልጻለሁ።

«ከፈረስ ወድቆ» ብሎ ያስመዘገበ ማን እንደሆነ መዝገቡን ቢያዩ፣ በአስመዝጋቢ ቦታ የፈረመችው እኔ ነኝ።

ባለቤቴ በሞተ በሃያ ሦስተኛው ቀን ነበር። የመሬት ይዞታ ደብተሩ በእኔ ስም ካልዞረ ማሳው በዚያው ሳምንት ለሌላ እንደሚሰጥ ተነግሮኝ፣ ያለ ሞት ምስክር ወረቀት ደግሞ አይዞርም ተብዬ መጣሁ። የመዝገብ ሠራተኛዋ ገላኔ ፎርሙን ከፈተች። «በጥይት» አልኳት። ጣቷ ቆመ። ዙሪያዋን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አዴ ሃጂራ፣ በጥይት ካሉ የፖሊስ ወረቀት ይጠየቃል፣ ፖሊስ ደግሞ ተጠርጣሪ ሳይያዝ አይጽፍም፤ ዛሬም አያልቅ፣ ዘንድሮም አያልቅ። ከፈረስ ወድቆ ካሉ ግን አሁን አትሜ እሰጥዎታለሁ። ወድቋል አይደል እንዴ?» አለችኝ። ልታጭበረብረኝ አይደለም። ልትረዳኝ ነው። እሷም እንደኔ ትፈራለች።

ወድቋል አልኩ። ፈረምኩ። ማሳውን አገኘሁ፤ ባለቤቴን ግን በዚያች ፊርማ ሁለተኛ ቀበርኩት። ተኳሹ የሠራውን ሥራ የጨረስኩለት እኔ ነኝ፤ ያውም በነፃ። ገላኔን እንዳትነኩብኝ። ጥፋቱ የአስመዝጋቢዋ ነው።

10. እንዲሰጠኝ የምጠይቀው ውሳኔ፦

ሀ) ጽሕፈት ቤቱ መዝገቡን በራሱ ሥልጣን አርሞ የሞት ምክንያቱን «በጥይት» ብሎ እንዲጽፍልኝ፤

ለ) ይህ አይቻልም የሚባል ከሆነ፣ በፎርሙ ግርጌ በትንንሽ ፊደል «ሐሰተኛ መረጃ የሰጠ ሰው በሕግ ይጠየቃል» የሚል ስላለ፣ በእኔ በሃጂራ ቱሉ ላይ ክስ እንዲመሠረትብኝ። ሐሰተኛ መረጃ መስጠቴን በዚህ ማመልከቻ በፊርማዬ አምኛለሁ። ምስክር እንዳይቸግራችሁ ለሜሳ ደራራን እኔው አቀርባለሁ።

ሕግ የሚያውቅ ሰው ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ዐቃቤ ሕጉ ቃሌ ሐሰት መሆኑን ለማስረዳት ባለቤቴ በምን እንደሞተ በችሎት ማስረዳት ይኖርበታል። ዳኛው «ታዲያ ሰውየው በምን ሞተ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ይህን ጥያቄ ከሮቤ እስከ ሄግ የሚጠይቅልኝ ችሎት አጥቼ ነበር። እኔ አልከራከርም፤ ጠበቃም አላቆምም። ዐቃቤ ሕጉ አንድ በአንድ ሲያስረዳ ተከሳሽ ሣጥን ውስጥ ቆሜ እሰማለሁ። ተፈርዶብኝ ስወጣ የፍርዱ ግልባጭ ይሰጠኛል። በግልባጩ ላይ «በጥይት» የሚል ቃል ይኖራል። ማኅተምም ይኖረዋል።

ሐ) መጥሪያው በአስቸኳይ እንዲደርሰኝ።

የሚቀጣኝን በማክበር፣ ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ሃጂራ ቱሉ
የሟች ዓብዱልፈታሕ ባዳሳ ሚስት፣ አመልካችና ተጠርጣሪ

አድራሻ፦ የምሰፋበት ሮቤ፣ ገበያው ውስጥ ከልብስ ሰፊዎቹ መደዳ፤ መጥሪያ የያዘ ሰው ሲመጣ አልሸሽም፣ በር ላይም ወረቀት አልለጥፍም።